ሽማግሌዎቹን የላክሁት እኔ ነኝ

በመካነ ሰላም አንዲት ሴት ወንድ ቤት ሽማግሌ ላከች ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ወሬው ውሸት አይደለም። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ሐረግ ጋሹ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የአባቴ ነው። ሰዉ «አበደች» ብሏል፣ «አስደግመውባት ነው» ብሏል። ይበል! ወላሂ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ተወልጄ ወላሂ ሳልል ባወራችሁ ማን ያምነኛል?

መለሰን መጀመሪያ ያየሁት መሰላል ላይ ቆሞ ነው። የዛሬ አራት ዓመት አባቴ የሱቁን ታፔላ እንዲጽፍለት ቀጠረው። እኔ ከታች ሆኜ «ጨ ትልቅ ሆነች፣ ቅ ጠበበች» እያልኩ ስነዘንዘው ቁልቁል አየኝ። ሲያየኝ ብሩሹን ረሳው፤ ቀይ ቀለም ጠብ ብሎ ነጠላዬ ላይ አረፈ። ተቆጣሁት ከምል ሰደብኩት ብል ይቀላል። በማግስቱ በአራት የታጠፈች ወረቀት ላከልኝ፦ «ነጠላሽን ላኪልኝ፤ ቀለሙን አስለቅቄ እመልሳለሁ። ካልለቀቀ ዕድሜ ልኬን እክሳለሁ።» ጽሑፉን ብታዩት! እያንዳንዱ ፊደል በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሰውየው በፊት የወደድኩት የእጅ ጽሑፉን ነው።

ከዚያ ወዲህ እየደጋገመ ጻፈልኝ። ስልክ ሁለታችንም አለን። እሱ ግን «በስልክ የተጻፈ የማንም እጅ ነው፤ ይኼ የእኔ ነው» ይላል። እኔም ደብዳቤዎቹን በጨርቅ ቁራጭ አስሬ፣ ከልብሴ ሥር ደብቄ፣ አባቴ ሲያስነጥስ እንኳ እየደነገጥኩ ኖርኩ።

እናቱ እትዬ የሺእመቤት አረቄ አውጥተው እየሸጡ ነው ብቻቸውን ያሳደጉት። አባቴ «የአረቄ ሻጭ ልጅ» ሲል ደሜ ይፈላ ነበር። ግን አባቴን ያስፈራው የእናቱ ሥራ ብቻ አልነበረም። መለሰ ራሱ ይጠጣል። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ፤ በኋላ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሁለት መለኪያ ካልቀመሰ ብሩሽ መያዝ አቃተው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ሦስት ሽማግሌ አባቴ ዘንድ ላከ። ሽማግሌ በደንቡ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አባቴም እንደቆሙ «ልጁ መጀመሪያ ጠርሙሱን ይፍታ። ልጄን በጣውንት ላይ አልድርም» አላቸው። ሳይቀመጡ ተመለሱ። እኔ መጋረጃው ሥር ነበርኩ፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። መለሰ ይኼን ሲሰማ «ሐረግም ከአባቷ ጋር ናት» ብሎ ደመደመ። እኔ ደግሞ ከእኔ ጠርሙሱን መረጠ ብዬ አኮረፍኩ። አንዳችን አንዳችንን ደፍረን ሳንጠይቅ ስንት ወር ተቃጠልን! እንዲያም ሆኖ ደብዳቤው አልተቋረጠም።

በዓመቱ፣ በዓቢይ ጾም፣ ዘመዶቹ «እናስተወዋለን» ብለው ቤት ቆለፉበት። በሦስተኛው ቀን ወደቀ፤ ጥርሱ ገጠመ፣ አረፋ ደፈቀ። ክብሪት አጨሱበት፣ ጸበል ረጩት። ነቃ ሲል አንዲት ጎረቤት አንድ መለኪያ አቀመሰችው፤ መንቀጥቀጡ እየተወው መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ የሺእመቤት አረቄው መድኃኒቱ ነው ብለው አመኑ።

ከዚያ በኋላ ነው ሠላሳ አንደኛው ደብዳቤ የመጣው። ከፈትኩት፤ ከስሜ በቀር አንድም ቃል አይለይም። «ሰክሮ ይሞነጫጭርልኛል እንዴ!» ብዬ ወረወርኩት። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ሁሉንም አወጣሁና በየተራቸው አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸው። አሥረኛው ላይ መስመሩ ይዘማል። ሃያኛው ላይ ፊደሉ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሠላሳኛው ላይ ቃላቱ ተደራርበዋል። ያ ሁሉ ሲሆን እኔ ምን ሳደርግ ነበር? ፍቅሩን እያነበብኩ እጁን ሳላይ ቀረሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሲስተር ፈርሂያ አብሮ አደጌ ናት፤ የከተማችን ሆስፒታል ነው የምትሠራው። እሷ ዘንድ ሮጥኩ።

«ጉበቱን ሐኪም አይቶታል» አለችኝ። «እንዲህ ከቀጠለ ዓመቱን አይጨርስም ሐረግ።»

«ታዲያ እንደገና ቆልፈን እናስቀምጠው?»

«ኧረ እንዳታደርጉት! ሰውነቱ ለምዶታል፤ ባንዴ ሲቀርበት ነው የሚጥለው። ያን ጊዜም ሰይጣን አይደለም የጣለው። መተው ያለበት ደሴ ተኝቶ፣ ሐኪም እያየው ነው። አልጋ አስይዝለታለሁ። በጉልበት ግን አይሆንም፤ እሺ ማለት ያለበት ራሱ ነው።»

እሺ ማለት መለሰን መቼ ቸገረው? ለእኔ ለብቻዬ ምሎልኛል። ለእናቱ ለብቻቸው፣ ለጓደኛው ለአዩብ ለብቻው ምሏል። ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን እሺ ሰጥቶናል፤ አንድ ላይ ቆመን ግን አንድም ቀን ሰምተነው አናውቅም። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሰው እምቢ ለማለት የሚከብደው ማንን ነው? ሽማግሌን።

ሀጂ አሕመድኑር የመለሰ ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው የተያያዘ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት፤ አባቴ ዘንድ ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎችም ዋናው እሳቸው ነበሩ። ቤታቸው ሄጄ የልቤን ነገርኳቸው።

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ስትልክ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«እኔም አላየሁም ሀጂ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ከልክሎኛል።»

«ያ አላህ!» አሉ። «ሰባ ዓመት ሙሉ የአረቄ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም።» ብድግ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። አለቀልኝ አልኩ። ጫማቸውን አጠለቁና ዞር ብለው «መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

ቀኑ ሐሙስ ሆነ። ሀጂ ከፊት፣ አዩብና ፈርሂያ ከኋላ ሆነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄዱ። አዩብ የደሴ መንገድ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ መኪናውን ደጅ አቁሞታል። አልጋው የሚጠብቀው እስከዚያው ቀን ማታ ነው። ሁሉንም ለምኛቸው ነበር፦ «ስድብ የለም፣ ምክርም የለም። እያንዳንዳችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት።» ለእትዬ የሺእመቤት አልነገርኳቸውም። አልቅሰው ያበላሹታል ብዬ ፈራሁ። ላኪ አብሮ አይገባምና እኔ አጥሩ ሥር ቀረሁ።

መለሰ ከጓሮ ሲመጣ ሀጂን በራፉ ላይ አያቸው። ፊቱ ሲበራ በአጥሩ ክፍተት አየሁት። የዚያን ጊዜ ስህተቴ ገባኝ። አባቴ ዘንድ ሄደው እንደቆሙ የተመለሱት ሀጂ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለት ሰው አስከትለው ደጁ ሲቆሙ፣ በመካነ ሰላም ይኼ ሌላ ምን ሊመስል ይችላል? አባቴ ልቡ ራርቶ መልስ የሰጠ መሰለው።

«እማዬ! ወንበር! ወንበር አምጪ!»

ሮጦ ገብቶ ጃኬት ለብሶ ወጣ፤ አዝራሩን አዛንፎ ቆልፎታል። እናቱ እንደልማዳቸው የጠዋቷን መለኪያ ይዘው ብቅ አሉ። በእጁ መለሳት።

«ዛሬስ ይቅርብኝ እማዬ። ሽማግሌ ፊት ሸትቼ አልቆምም» አላቸው። መንቀጥቀጥ የጀመረውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ይቀመጡ እንጂ ሀጂ!»

«አንቀመጥም ልጄ። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ሳቀ። ደንቡ ነዋ! «ጉዳያችሁማ የእኔው ጉዳይ ነው! ጋሽ ጋሹ እሺ አሉ?»

ሀጂ አንገታቸውን ደፉ። «የላከን ጋሹ አይደለም። ልጅቱ ናት።»

«ሐረግ?» ድምፁ በደስታ ተቆራረጠ። «ሐረግ ምን አለች?»

ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«መጠጡ ሊገድልህ ነው አለች» አሉ ሀጂ። «ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ደሴ ሄደህ እንድትታከም ነው ሽማግሌ የላከችብህ።»

ደስታው ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ሲለቅ ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሴት ሽማግሌ ልካ፣ በገዛ ደጄ፣ ሰካራም ልታሰኘኝ?» ጮኸ። «ውጡልኝ! እርስዎን አላልኩም ሀጂ፤ እናንተ ግን ውጡልኝ!»

«አልወጣም» አለ አዩብ። አዩብ ቀልደኛ ነው፤ እንዲያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «አባቴ የተቀበረ ቀን ሰክረህ መጣህ። መቃብሩ አፋፍ ላይ ተደናቅፈህ ልትገባ ስትል በወገብህ የያዝኩህ እኔ ነኝ። ሰዉ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ አሞት ነው አልኩ። አባቴ መቃብር ላይ ቆሜ ዋሸሁ መለሰ። አልተቀየምኩህም። ግን አልረሳሁትም።»



«እኔ ደግሞ» አሉ ሀጂ «ሱብሂ ልሰግድ ስወጣ ሦስት ጊዜ ቦይ ውስጥ ተኝተህ አግኝቼሃለሁ። አንስቼ፣ ፊትህን አጥቤ፣ እስከ አጥራችሁ አድርሼህ ነው መስጊድ የሄድኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በአራተኛው ሞተህ ባገኝህስ እያልኩ አሁን አሁን ከቤት ስወጣ እፈራለሁ።»

ፈርሂያ ልትናገር ስትል እትዬ የሺእመቤት ቀደሟት። መለኪያዋ አሁንም እጃቸው ላይ ናት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የምቀዳልህ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ማየት አቅቶኝ በየጠዋቱ ቀድቼ የማጠጣህ እኔ እናትህ ነኝ። ያሳደግኩህ በዚሁ ነው። የምቀብርህም በዚሁ ሊሆን ነው እንዴ ልጄ?»

መለኪያዋን መሬት ላይ ደፏት። ያበላሻሉ ብዬ የፈራሁት እሳቸውን ነበር! ከዚያ በኋላ አጥር ሥር መቆም አልቻልኩም፤ ደንቡንም ሆነ ሐሜቱን ትቼ ገባሁ።

መለሰ ሲያየኝ አልጮኸም። «አዋረድሽኝ» አለኝ በቀስታ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አዎ፣ አዋረድኩህ። ራሴንም አብሬ። ነገ ከተማው የሚስቀው በእኔ ነው።»

«አባትሽ ሽማግሌዎቼን ሲመልስ አንዲት ቃል አልተናገርሽም። ለእኔ አንዲት ቃል ጠፋሽ።»

«አባቴ እውነቱን ስለነበር ነው አፌ የተያዘው! አንተን እየወደድኩ፣ እሱ ደግሞ ትክክል ሆኖብኝ፣ ምን ልበል? ያን ቀን ያቃተኝን ይኸው ዛሬ ተናገርኩ።»

ደብዳቤዎቹን ከጉያዬ አውጥቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጨረሻውን ለብቻው ለይቼ ሰጠሁት።

«ይኼን አንብብልኝ። አምስት ቀን ሞከርኩ፤ አቃተኝ።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። ወረቀቱ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ ብርሃኑ ዞረ።

«ሐረጌ…» ብሎ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። «ሐረጌ…»

ከዚያ ወዲያ ያለውን የገዛ እጁን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። የከተማው ታፔላ ሁሉ የእሱ ጽሑፍ ነው፤ ጎረቤታችን ማሻ ድረስ እየተጠራ የሚጽፈው እሱ ነው። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ምን ብዬሽ ይሆን?» አለኝ።

እናንተዬ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ አልቅሻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን አንጀቴን የበላው ነገር የለም። ላቅፈው ፈለግሁ። ላቅፈውና ይቅር፣ ግድ የለም፣ እንዳለህ ሁን ልለው ፈለግሁ። ብዬው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እገድለው ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «ድነህ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት። ስማኝ መለሰ፤ ከዳንክ አገባሃለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም። ለእኔ ብለህ ከሄድክ የተጣላን ዕለት ትመለስበታለህ። ግን እምቢ ካልክ እነዚህን እዚሁ ትቻቸው እሄዳለሁ። ሠላሳ ሁለተኛውን አልጠብቅም።»

መለሰ ወረቀቱን፣ የፈሰሰውን አረቄ፣ እናቱን በየተራ አየ። ከዚያ ዓይኑ ሀጂ ላይ አረፈ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ያን ሁሉ ጊዜ እንደቆሙ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው በከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል።

«ሀጂ፣ እግርዎን ያመዎታል። ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም ብለናል።»

«ለእኔ ብለው ስንት ቤት ይቆማሉ?» አለ፤ እንባው ወረደ። «ይቀመጡ። እሺ ብያለሁ።»

«እሺ ያልከው ለማን ነው?» አሉ ሀጂ ሳይንቀሳቀሱ።

መለሰ አንድ በአንድ አየን። እኔን መጨረሻ ላይ አየኝ።

«ለሁላችሁም» አለ። «አንድ ላይ።»

ሀጂ አሕመድኑር ረግጠውት በማያውቁት አረቄ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያሽርህ» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ቀድመው አሚን ያሉት እትዬ የሺእመቤት ናቸው።

ፈርሂያ ሐኪሙ ለመንገድ ያዘዘለትን መድኃኒት ሰጠችው። ሚኒባሱ ውስጥ እናቱ በአንድ ጎኑ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። ጠዋት መለኪያዋን አልቀመሰምና መንቀጥቀጡ ከእጁ አልፎ ወደ ትከሻው እየወጣ ነው። ግንባሩ በላብ ርሷል። «ፈራሁ» አለኝ በጆሮዬ። ያንን ቃል ከወንድ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እጁን ያዝኩት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በመካነ ሰላም መንገድ መሐል፣ እኔ ያልተዳርኩት የጋሹ ልጅ።

ሱቃችን ጋ ስንደርስ አባቴ መንገዱ ላይ ወጥቶ እጁን አነሣ። አዩብ ፍሬን ያዘ። አባቴ ወደ መስኮቱ መጣ፤ በላዩ ላይ መለሰ የጻፈው ታፔላ አለ። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ቀጥሎ የመለሰን ላብ፣ የተዛነፈውን አዝራር። ከዚያ የተያያዘውን እጃችንን አየ። መለሰ እጁን ሊስብ ሲል አጥብቄ ያዝኩት። አባቴ እንዲያይ ነው የፈለግሁት። ሰዉ ከየሱቁ ወጥቶ ማየት ጀምሯል።

«የአቀስታ ደጋ ብርዱ አይጣል ነው» አለ አባቴ።

ጋቢውን ከትከሻው አወለቀ። በመስኮቱ አስገብቶ ጉልበታችን ላይ ጣለው፤ ጠርዙን ሳብ አድርጎ እጃችንን ከሰው ዓይን ሸፈነው። መለሰን «አይዞህ» እንኳ አላለውም። ግን ጋቢውን ሲያስተካክል መዳፉ በላያችን ትንሽ ቆየች። ከዚያ አዩብን «ቀስ ብለህ ንዳ» ብሎት ወደ ሱቁ ገባ።

ከጋቢው ሥር የመለሰ እጅ ይንቀጠቀጣል። አቀስታ ደረስን፤ መንቀጥቀጡ አልተወውም። እኔም እስከ ደሴ እጁን አልለቀቅኩም።